ውሮና የተመረገው ጎታ

ኑ ቅረቡ፣ ተረት ላውጋችሁ። እንቅልፍ የያዘው ከአሁኑ ይሂድ፤ አንዱን ነገር ሁለቴ አልናገርም።

ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ እመት ዝማም የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ጓዳቸው ውስጥ የጭቃ ጎታ አለ፤ በጎታው ውስጥ የዘር ገብስ አለ፤ የጎታው አፍ በእበት ተመርጓል። ቢርባቸውም እስኪዘሩ ድረስ አይከፍቱትም። ያ ዘር ከጠፋ ለከርሞ የሚበሉት የላቸውም።

አይጥ እንዳይደርስበት ብለው ድመት አመጡ፤ ስሟን ውሮ አሏት። ውሮ ገና እንደገባች ጎታው ላይ ወጥታ ምርጊቱን ቧጠጠች። እመት ዝማም መጥረጊያውን አነሱ።

«ጎታ አይነካም።»

ወጣች፣ ተመታች። ወጣች፣ ተመታች። ሦስተኛም ወጣች፤ ያን ጊዜ ጅራቷ እስኪላጥ ተመታች። ከዚያ ወዲህ ጎታውን ስታይ ጆሮዋን ታጥፋለች።

«ገራኋት» አሉ እመት ዝማም ለጎረቤት። «ከእናንተ ልጆች ትሻላለች።»

አይጦች ይህን ሰሙ። በግድግዳው በኩል የጎታውን ጀርባ ሸርሽረው ገቡ።

«ውሮ፣ ሆዴን እየበሉኝ ነው» አለ ጎታው።

«ጎታ አይነካም ተብያለሁ።»

«ደግ አደረግሽ» አለ መጥረጊያው ከጥግ ሆኖ። «እኔም አለሁልሽ።»

በማግስቱ ጎታው፣ «ውሮ፣ እህሉ ከወገቤ ወረደ» አለ።

«መጥረጊያው እያየኝ ነው።»

ከውስጥ አንዷ አይጥ አፏን ሞልታ፣ «ጎሽ፣ የጨዋ ልጅ! ያሳደጉሽ ይባረኩ» አለቻት።

በሦስተኛው ቀን የጎታው ድምፅ ባዶ እንስራ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ሆነ።

«ውሮ፣ ከእንግዲህ አልጠራሽም። የሚያስጠራ እህል አልቀረኝም።»

ውሮ መጥረጊያውን አየች። ጅራቷ ገና ያቃጥላታል። ከደጅ የእመት ዝማም ኮቴ እየቀረበ ነው። ጎታውን አየች። ኮቴው ደፉ ላይ ደረሰ።

ዘለለች። ምርጊቱን በጥፍሯ ሰንጥቃ ወደ ውስጥ ገባች።

እመት ዝማም የተሰበረውን ምርጊት አዩና መጥረጊያውን ብድግ አደረጉ። «አንቺ ቀላዋጭ፣ ዘሬን ገለጥሽው?»

ውሮ ብቅ አለች፤ በአፏ የሰባች አይጥ ይዛለች። የቀሩት በቀዳዳው ተፈተለኩ።

«እመቴ፣ እስቲ እጅዎን ይስደዱ» አለ ጎታው።

ሰደዱ። ክንዳቸው እስከ ብብታቸው ገባ፤ ገብሱን ያገኙት ከታች ነው።

«ልምታት?» አለ መጥረጊያው።

«አርፈህ ተቀመጥ» አሉት። «ሳስተምራት አንተን ብቻ አሳየኋት፤ አይጡን አላሳየኋትም።»

በዚያ ዓመት የእመት ዝማም ማሳ ግማሹ ተዘራ፣ ግማሹ ጦሙን አደረ።

እናንተም ድመት ስታሳድጉ፣ አትንኪ ብቻ እያላችሁ አትደብድቧት፤ የምትጠብቀውንም አሳዩአት። በፍርሃት ብቻ የተገራ፣ ቤታችሁ ሲዘረፍ ቁጭ ብሎ ያያል።

እኔ ጨረስኩ። አሁን ያንን መጥረጊያ ከፊቴ አንሱልኝ።