ድንበር ላይ የቆመው ምሰሶ

አንድ ወሬ የማይወድ አናጺ ነበር፤ ሞላልኝ ይባላል። "እንዴት አደርክ?" ሲሉት "ደህና" ይላል። "ልጅነትህ እንዴት አለፈ?" ሲሉት ግን መጥረቢያውን መሳል ይጀምራል።

አንድ ቀን አያ ደምለውና ወይዘሮ ይታይሽ የሚባሉ ባልና ሚስት አስጠሩት። ሃያ አንድ ዓመት አብረው ኖረው ሊፋቱ ነው። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ማስታረቅ ሲያቅታቸው፣ ንብረታቸውን እኩል እንዲካፈሉ ፈርደዋል። አገሩን ያሳቀችው ያቺ "እኩል" የምትል ቃል ናት።

ወፍጮውን ሚስት ወሰደች፤ ላዩ ላይ የሚፈጨውን ድንጋይ፣ መጁን፣ ባል ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ዱቄት ከጎረቤት ይለምናሉ። ድስቱ ለሱ፣ ክዳኑ ለሷ ደረሰ። ውሻው የሚከፈል ስላልሆነ "ራሱ ይምረጥ" ተብሎ በመካከላቸው ቆመ። አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየና ጅራቱን ወሽቆ ጎረቤት ገባ።

"እስካሁን ከተፈረደው ሁሉ ይሄኛው ይሻላል" አሉ አንዱ ሽማግሌ።

የቀረው ቤቱ ነበር፤ ክብ የሣር ቤት። "እኔ ልውጣ" ያለ ስላልተገኘ በመሃሉ የጭቃ ግድግዳ ማቆም ጀመሩ። ግድግዳው የተነሳው ከበሩ እኩሌታ ነውና ባልም ሚስትም የሚገቡት በጎናቸው ነው። ደረት ድረስ ከፍ ብሎ መሃል ላይ ሲደርስ ግን ሥራው ቆመ። ምሰሶው በትክክል ድንበሩ ላይ ነበር።

"ሰንጥቅልን" አለ አያ ደምለው።

"እኩል አድርገህ" አለች ወይዘሮ ይታይሽ።

ሞላልኝ ምሰሶውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ወይራ ነው፤ ምስጥ አልነካውም።

"ምሰሶ ሲሰነጠቅ ሁለት ምሰሶ አይሆንም። ፍልጥ ነው የሚሆነው" አላቸው።

"ፍልጥም ቢሆን ግማሹ የኔ ነው" አለ ባል።

"ጣራው ይወድቃል።"

"በሱ በኩል ይውደቅ" አለች ሚስት።

"ደግሞ እኛ የጠራነው አናጺ እንጂ መካሪ አይደለም" አለ ባል።

"እሱስ እውነቱን ነው" አለች ሚስት።

ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ያላስማሟቸውን ሰዎች አናጺው ባንድ አፍታ አስማማቸው።

ሞላልኝ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። የሱ አባትና እናት ሲፋቱ ቤታቸውን አፍርሰው ነበር። አባቱ እንጨቱን ወሰደ። እናቱ ሣሩን ወሰደች። እሱ ከማንም ድርሻ አልገባም፤ ስምንት ዓመቱ ነበር። ያን ክረምት በየሰው በረት አደረ። ይህን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ለነዚህም አልነገራቸውም።

"እሺ" አለ።

ሁለት ባላ እንጨት አምጥቶ አንዱን በሷ በኩል፣ አንዱን በሱ በኩል አቁሞ ጣራውን ደገፈ። "ምሰሶው ሲነቀል ጣራው የሚያርፈው በነዚህ ላይ ነው። አጥብቃችሁ ያዙ። የአንዱ ከተንሸራተተ የሌላውም አይቆምም" አላቸው። ከዚያ የምሰሶውን ሥር ጫር ጫር አድርጎ በመዶሻ ሁለቴ መታው። የሃያ አንድ ዓመት ጥቀርሻ ወርዶ የሁለቱንም ራስ አጠቆረው።

"ተነቅሏል፤ ያዙ!" አለና ከረጢቱን ዳበስ አደረገ። "መጋዜን ረስቼ መጥቻለሁ። ደርሼ ልመለስ።"

"እስክትመጣ እንዲህ ተገትረን ልንቆይ ነው?" አለ አያ ደምለው።

"ካልፈለጋችሁ ልቀቁት" ብሎ ወጣ።

የትም አልሄደም። ከቤቱ ጀርባ ጥላ ፈልጎ ከረጢቱ ላይ ተቀመጠ። መጋዙ ከረጢቱ ውስጥ ስለነበር ትንሽ ወጋው። ጆሮውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ።

"ልቀቂና ውጪ" ይላል ባል።

"አንተ ልቀቅ።"

"ብለቅ ጣራው ይወድቅብሻል።"

"ይውደቅብኝ። ከዚያ አገሩ 'ገደላት' ይልሃል።"

"አንቺ ብትለቂስ?"

"ቀብርህ ላይ አልቅሺ ሊሉኝ ነው። አልለቅም።"

ሞላልኝ አፉን በጋቢው ሸፈነ።

ፀሐዩ ዞረ። የሁለቱም ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በግድግዳው አናት ላይ ፊት ለፊት ይተያያሉ።

"ፊትሽ የድስት ቂጥ መስሏል" አለ ባል።

"ድስቱ አንተ ዘንድ ነው፤ ሄደህ አስተያየው።"

ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየ ድምፅ ተሰማ።

"ቀኝ ትከሻሽ" አለ ባል።

"ምን ሆነ?"

"ያምሽ የለም ወይ? በግራሽ ያዢው።"

"ካዛወርኩት ይንሸራተታል።"

"አዛውሪው። እኔ አጥብቄ ይዣለሁ።"

ያን ጊዜ ሞላልኝ መጋዙን ይዞ ገባ። "የት ላይ ልቁረጠው?" አለ።

ሁለቱ በግድግዳው አናት ላይ ተያዩ። በመጨረሻ ሚስት "ተወው" አለች። ባልም "መልሰህ ትከለው" አለ።

"አልተነቀለም" አለ ሞላልኝ። ባላዎቹን ከእጃቸው ተቀብሎ አንድ በአንድ አነሳቸው። ጣራው ንቅንቅ አላለም። አያ ደምለው የሚወረውረው ነገር ፈለገ፤ እጁ ግን አልነሳ አለው።

ታረቁ ብንል ያምር ነበር። አልታረቁም። የጭቃውን ግድግዳ አፈረሱ፤ ቤቱ ለሷ ሆነ፤ እሱ ከወንዙ ማዶ አዲስ ቤት ሠራ፤ ምሰሶውን ያቆመለት ሞላልኝ ነው። የሄደ ቀን መጁን ደጃፏ ላይ አስቀምጦ ሄደ። በማግስቱ እሷ የድስቱን ክዳን ላከችለት። ውሻው እስካሁን ጎረቤት ነው።

ሰው ከሰው ሊለያይ ይችላል። ቤት የሚያፈርሰው ግን መለያየቱ ብቻ አይደለም፤ የራስን ድርሻ ትቶ የሌላውን ለማጉደል መጋዝ ማንሳት ነው። እስቲ ሁላችንም የየቤታችንን ጥግ እንፈትሽ፦ በጥል ቀን ወስደን ያስቀመጥነው፣ ለኛ የማይፈጭ፣ ሌላው ዘንድ ግን የጎደለ መጅ የት ተቀምጦ ይሆን?