ማስትሮ ገነነ ያነሣው ሐምበከር

ቀና ብላ ሰው የማታይ አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ በሯን ቆልፋ ሃርድ ሮክ ጊታር መጫወቷን ለአሥራ አንድ ዓመት ደብቃ ኖረች። አንድ ቀን የክሮቹን ድምፅ ወደ ማጉያው የሚያደርሰው ፒክአፕ ተበላሸባትና፣ እያፈረች የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ገባች። ሱቁ ውስጥ የቀረው ጥሩ ሐምበከር ፒክአፕ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱንም ስመ ጥሩው ጊታሪስት ማስትሮ ገነነ ቀድሞ አንሥቶታል።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ክሩን ዝንብ ብትነካው እንኳ አጥርቶ የሚያሰማ ነው። ለአንቺ ምን ያደርግልሻል?» አላት፣ ገበያተኛው ሁሉ እንዲሰማለት። «ከነዚህ ሁለት ጊታሮቼ በአንዱ ላይ እንዲህ ያለው ተገጥሟል። ዞረሽ ስሚ፤ የትኛው እንደሆነ ካወቅሽ ይሄን ውሰጂው። ካላወቅሽ ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ!»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ማስትሮውም አንዱን ዜማ በሁለቱም ጊታሮች እያስጮኸ ተጫወተው።

«ሁለተኛው ነው» አለች በቀስታ።

ማስትሮው ደነገጠ። «በምን አወቅሽ?»

ዓይኗን መሬት ላይ እንደ ተከለች ሐምበከሩን ከእጁ ተቀበለችና፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ በመጀመሪያው የተሳሳቱ መስሎኝ ነበር፤ በሁለተኛው አረጋገጥኩ» አለችው።