ያልተመለሰው ድንጋይ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

በድሮ ጊዜ፣ በቀይ ባሕር ዳር ዘህራ የምትባል ልጅ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ ሁለቱም ቅርጫት ይዘው ይወርዳሉ። ድንጋይ እየገለበጡ የባሕር ቀንድ አውጣ ይለቅማሉ።

እናቷ ሁልጊዜ፣ «ልጄ፣ የገለበጥሽውን መልሺ። ከስሩ ለሚኖሩት ጣራቸው ነው፤ ፀሐይ ትፈጃቸዋለች» ትላታለች።

አንድ ቀን የአገሩ ሱልጣን እናቷን አሰረ። «አንቺ ቀንድ አውጣ ለቃሚ! ጥቁር ዕንቁ ካላመጣሽ እናትሽን አታገኚያትም!» አላት።

ዘህራ ባሕሩ ሲሸሽ ወረደች። አንድ ድንጋይ ገለበጠች። ሸርጣን አገኘች።

«ዕንቁ አይተሃል?»

«እኔ የማየው አሸዋ ብቻ ነው። ኮከብ ዓሣን ጠይቂ።»

ድንጋዩን መለሰች። ሁለተኛ ገለበጠች። ኮከብ ዓሣ፣ «ኦክቶፐስ ታውቃለች» አላት። ድንጋዩን መለሰች። ሦስተኛ ገለበጠች። ኦክቶፐስ ስምንት ክንዷን ዘርግታ እንቁላሎቿን አቅፋ ነበር።

«እማማ፣ እናቴን አሰሩብኝ።»

«ጣራዬን ሁልጊዜ የሚመልሰውን የእናትሽን እጅ አውቀዋለሁ» አለች ኦክቶፐስ። ጥቁር ዕንቁም ሰጠቻት። «በይ፣ አሁን ጣራዬን መልሺልኝ።»

ዘህራ ግን ዕንቁውን ስትይዝ እናቷ ብቻ ታየቻት። እየሮጠች ሄደች።

ሱልጣኑ ዕንቁውን አገላብጦ አየው። «አንድ ካለ ብዙ አለ! ቦታውን ታሳዪኛለሽ» አላት። በማግስቱ እናቷን በገመድ ከወገቡ ጋር አስሮ፣ ዘህራን አስቀድሞ ወረደ።

ድንጋዩ እንደተገለበጠ ነበር። እንቁላሎቹ ነጥተው ደርቀዋል። ኦክቶፐስ ከጎናቸው ካለው ጉድጓድ ውስጥ ሆና ታያለች። ዘህራ ወደ እንቁላሎቹ ጎንበስ አለች። ግን የእናቷን ገመድ አየች።

«ጌታዬ፣ ዕንቁው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው። የታሰረ ሰው ካየ ግን ይደበቃል።»

«ያፍራል እንዴ?» ብሎ ሳቀ ሱልጣኑ። ገመዱን ፈታ። እጁን እስከ ትከሻው ከተተ።

ስምንት ክንዶች ያዙት።

«ልቀቂኝ! ሱልጣን እኮ ነኝ!»

ባሕሩ ተመለሰ። እናትና ልጅ ሮጠው ዳር ደረሱ። የሱልጣኑ ጥምጥም ብቻ ተንሳፈፈ።

«እማማ፣ ይቅር በይኝ!» ብላ ጮኸች ዘህራ።

«እሱን የያዝኩት ለእናትሽ ብዬ ነው» አለች ኦክቶፐስ። «አንቺ እናትሽን አገኘሽ። እኔ ልጆቼን ከየት ላምጣ?»

ወደ ጥልቁ ወረደች። ከዚያ ወዲህ ሰው አናግራ አታውቅም።

ባሕሩ እንደገና ሲሸሽ ዘህራ ድንጋዩን መለሰችው። ከስሩ ግን ማንም አልነበረም።

ተረቴ ባሕር ገባ፣ እኔ ዳር ቀረሁ። ልጆች፣ የራሳችን ጭንቅ የረዳንን ሰው አያስረሳን። ይቅርታ ሁሉን ነገር አይመልስም።