አፈርኩ የተባለው ተራራ

ከቆላው መንገድ ለሚመጣ ከፊቱ የሚገተረውን ራሰ በራ ተራራ የአገሩ ሰው «አፈርኩ» ይለዋል። እንግዳ ሁሉ ስሙ ከአፈር የመጣ ይመስለዋል፤ ተራራው ግን እፍኝ አፈር የሌለው ዐለት ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት፣ በአባቶቻቸው ዘመን ጫፉ ላይ በነፋስ የሚሠሩ የመብራት ማመንጫዎች ቆመው ነበር። ነፋሱ በርትቶ ኃይሉ ሲተርፍ፣ በትርፉ አየር እያመቁ በዐለቱ ሆድ ያስቀምጡ፣ ነፋሱ ሲጠፋ ደግሞ የታመቀውን ለቀው መብራት ያወጡበት ነበር ይባላል። ሰዉም ነገሩን ከእህል ጉድጓድ ለይቶ ስላላየው «ጉድጓዱ» አለው፤ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነውና ማንም ብቻውን እንዳይከፍተው ተማማለ። ጠባቂው በታማኝነቱ የተመረጠው አያ ዳምጤ ነበር።

አያ ዳምጤ ልጁን አስካልን ሲድር ነፋስ የጠፋበት ሳምንት ሆነ። አማቾቹ ከከተማ ስለሚመጡ «በጨለማ ዳረ» እንዳይሉት ፈራ፤ ከማን አንሼ ብሎም ለማንም ሳይነግር ጉድጓዱን ከፈተው። ዳሱ ቀን መሰለ፤ ሰዉም ለሰርግ ጥቂት ቢነካ ነው ብሎ አለፈው፤ አያ ዳምጤም እንግዶቹ መብራቱን ማየታቸውን እየዞረ ይመለከት ነበር።

በማግስቱም ነፋስ የለም። የጎረቤቱ የውብነህ ሚስት ያለ ቀኗ ወልዳ ሕፃኑ በጤና ጣቢያው ማሞቂያ ውስጥ ነበርና፣ ውብነህ የመንደሩን ሽማግሌዎች ይዞ ጉድጓዱ እንዲከፈት ሊለምን ወጣ። የሰርጉን ዳስ የተከለውም እሱ ነበር። አያ ዳምጤ መክፈቻውን ሲያዞር ዐለቱ አንዴ ተነፈሰና ዝም አለ። አያ ዳምጤ ዐይኑን የሚያሳርፍበት አጣ።

ሙሽራይቱ ገና አልተሸኘችም ነበርና ወሬውን ስትሰማ ካባዋን እንደለበሰች ሮጠች፤ ነፋሱ እስኪመለስም ከእናትየው ጋር እየተቀባበለች ሕፃኑን በደረቷ አሞቀችው። ተረፈ።

አያ ዳምጤ ስድቡንም ካሳውንም ቤቱ ሆኖ ጠበቀ። ውብነህ ግን ከደጁ ቆሞ፣ «አያ ዳምጤ፣ ልጄን ያተረፈችው ልጅህ ናት። ክርስትና አንሳልኝና አበልጅ እንሁን» አለው።

ቢሰድበው ኖሮ አንገቱን ደፍቶ ይሰማው ነበር፤ ለዚህ ግን የሚሆን ፊት አልነበረውም። በጋቢው ተሸፍኖ «አፈርኩ» ብቻ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያናግረው መልሱ ይህችው ቃል ሆነች፣ ተራራውም በቃሉ ተጠራ ይባላል።

ክርስትናውን ያንሳ አያንሳ ሽማግሌዎች አይስማሙም። ዛሬ በዚያ አገር ሰርግ በቀን ይበላል፤ ጀንበር ስትጠልቅ የሙሽራይቱ አባት ተነሥቶ የዳሱን መብራት በገዛ እጁ ያጠፋል። ሲያጠፋም ፊቱን የሚያየው የለም፤ ሰዉ ሁሉ ያቀረቅራል።