እትዬ ይርገዱና አፏ የተወተፈ መስኮት

ተረት ተረት! «የላም በረት» ካላችሁኝ እውነት ብላችኋል፤ የላም በረት እንኳ መተንፈሻ አለው። የእትዬ ይርገዱ መታጠቢያ ቤት ግን አልነበረውም።

በድሮ ዘመን፣ ዝናብ በማይጠፋበት በቴፒ ጫካ ዳር፣ እትዬ ይርገዱ የሚባሉ ደግ ባልቴት ነበሩ። በመታጠቢያ ቤታቸው ግድግዳ ላይ አንዲት ትንሽ መስኮት ነበረች። የሠሯት ሟቹ ባለቤታቸው ናቸው። በሕይወት ሳሉ «ይቺ የቤቱ አፍንጫ ናት» ይሉ ነበር።

መስኮቷ እትዬ ይርገዱን በጣም ትወዳቸዋለች። ታጥበው ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ የሚያንጎራጉሩትን ዜማ ለጎረቤት የምታሰማው እሷ ነበረች። እሳቸው ግን ንፋስ ይፈራሉ። አንድ ቀን «ሙቅ ውሃ የነካው ገላ ንፋስ ካገኘው አለቀለት!» ብለው በአሮጌ ነጠላ አፏን ወተፏት። መስኮቷም ዝም አለች፤ አፏ ተወትፎ ምን ትበል!

እንፋሎት መውጫ አጣች። ጥቁር ሻጋታ ከጥግ ብቅ አለና፣

«እንፋሎት እናቴ፣
የተዘጋ ቤት ርስቴ!»

እያለ ይዘፍን ጀመር። እትዬ ይርገዱን ሳል ያዛቸው፤ ዜማውም ቀረ።

መጀመሪያ ሽቶ መጣ። «የሻጋታን ጠረን ለእኔ ተዉት» አለ። ጠረኑም ለምሳ ሄዶ ለእራት ተመለሰ።

ቀጥሎ በረኪና መጣ። «ቆይ፣ አነጣዋለሁ!» ብሎ ፈተገው። ግድግዳው ነጣ፤ ግን አልደረቀም። ሻጋታ እንደገና ብቅ አለ፤ «እንፋሎት እናቴ፣ የተዘጋ ቤት ርስቴ!»

በሦስተኛው ቀለም መጣ። «እኔ ሸፍኜ አስቀረዋለሁ» ብሎ ተለቀለቀ። ሻጋታ ቀለሙን እንደ ጋቢ ደርቦ ተኛ፤ ሲነቃ ቀዶት ወጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም!

«ይሄ ሁሉ በዚህች መስኮት ስንጥቅ የሚገባው ንፋስ ያመጣብኝ ነው» አሉ እትዬ ይርገዱ እያሳሉ። መስኮቷን በብሎኬት እንዲደፍኗት ግንበኛውን ጋሽ ሹሜን አስጠሩ። መስኮቷ ፈራች። ከራሷ መደፈን ይልቅ ግን የእሳቸው ሳል አንጀቷን በላው።

ጋሽ ሹሜ ብሎኬቱን አስቀምጠው መጀመሪያ ነጠላውን መዘዙ። ያን ጊዜ የመስኮቷ አፍ ተፈታ።

«እትዬ ይርገዱ፣ በባለቤትዎ ነፍስ ይስሙኝ!»

«ውይ! አንቺ ደግሞ ትናገሪያለሽ?»

«አፌን ወትፈውት ነው እንጂ! ሲታጠቡ ይዝጉኝ፤ ለብሰው ሲወጡ ይክፈቱኝ። ንፋሱ እርስዎን ሳይነካ እንፋሎትን ይዞልዎት ይሄዳል።»

ሻጋታ ከጥግ ጮኸ፤ «አይስሟት! ንፋስ ይገድልዎታል! እኔ እኮ ለጤናዎ አስቤ ነው!»

እትዬ ይርገዱ ወደ እሱ ዞሩ። «አንተ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለጤናዬ የምታስበው?» አሉት። «ሹሜ፣ ብሎኬቱን መልሰው።»

በረኪና እንደገና ፈተገ፣ መስኮቷ አደረቀች። ሻጋታ «እናቴ! እናቴ!» እያለ ቢጣራ ማን ይስማው? እንፋሎት በመስኮቷ ወጥታ ሄዳለች። ሳሉም ቀስ በቀስ ለቀቃቸው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ይርገዱ ታጥበው በለበሱ ቁጥር መስኮቷን ይከፍቱና «ተንፍሺ፣ የኔ እናት» ይሏታል። ፀጉራቸውን እያበጠሩ ሲያንጎራጉሩም እንደ ድሮው ለጎረቤት ታሰማላቸዋለች።

በወዳጁ ላይ ደጁን የዘጋ፣ ከጠላቱ ጋር ያድራል። እንግዲህ ተረቴን መልሱ፤ መስኮት ከመክፈታችሁ በፊት ግን ልብሳችሁን ልበሱ!