ቆጣሪ ያጡ ጡቦች

አንድ ዘኩር የሚባል ሽማግሌ ዕብራዊ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ለፈርዖን ጡብ ሲሠራ ኖሮ፣ ሕዝቡ ከባርነት ሲወጣ እሱም አብሮ ወጣ። ባሕሩን በደረቅ ምድር ተሻገረ፤ ሲያሳድዷቸው የነበሩት ሰረገሎች ሲሰጥሙም በዓይኑ በብረቱ አየ። ሌሎቹ ከግብፅ ሲወጡ ያልቦካ ሊጥ ተሸክመው ነበር፤ ብርና ወርቅ የያዙም ነበሩ። ዘኩር ግን ጡብ የሚቀርጽበትን የእንጨት ሳጥን ይዞ ወጣ። እጁ ከግድግዳው ሥር አነሣው እንጂ እሱ አላሰበበትም።

ነፃ የወጣ ሰው እስኪጠግብ ይተኛል ትሉ ይሆናል። ዘኩር ግን ገና ጎህ ሲቀድ ብድግ ይላል። ውሃ ባለበት ሰፈር ሁሉ ጭቃ ይረግጣል፣ ከከብት የተረፈ ድርቆሽ ይለምናል፣ ይቀርጻል፣ ፀሐይ ላይ ይደረድራል። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ ሳቁበት። "ምነው ዘኩር፣ እዚህም ለፈርዖን ከተማ ልትሠራለት ነው?" አሉት። በኋላ ሰለቻቸውና ተዉት። እሱም ቢሆን ደክሞታል። ወገቡ አልቃና ብሏል፣ በተነሣ በተቀመጠ ቁጥር ጉልበቱ ይንቋቋል። መተው ግን አልሆነለትም።

ምክንያቱን የምታውቀው ሚስቱ ሚልካ ብቻ ነበረች። በግብፅ ሳሉ ጭድ የተከለከሉበት ጊዜ ነበር፤ ጭዱን ራሳቸው ፈልገው እንዲያመጡ፣ የጡቡ ቁጥር ግን እንዳይጎድል ታዘዙ። አንድ ቀን ከዘኩርና ከወንድሙ ድርሻ ሦስት ጡብ ጎደለ። ማታ ማታ ጡቡን የሚቆጥረው የፈርዖን አስገባሪ ወንድሙን መሬት ላይ አስተኝቶ አስገረፈው፤ ወንድሙም ሳይነሣ በዚያው ቀረ። ከዚያን ቀን ወዲህ ዘኩር ቁጥር ጎድሎበት አያውቅም።

እንግዲህ ጉዞ በሆነ ጊዜ፣ የደረቁትን ጡቦች ባላቸው በአንዲቱ አህያ ላይ ይጭናል። ሚልካ በእግሯ ትሄዳለች። አንድ ወር ሄደች፣ ሁለት ወር ሄደች፤ የወንድሙን ነገር ስለምታውቅ ቃል አልተነፈሰችም። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ሲላት በጨርቅ ጠቅልላው ሄደች። ዘኩር ጨርቁን አይቷል። አይቶም ጭኗል።

አንድ ጠዋት መንገድ የሚመራቸው ደመና ከሰፈሩ ላይ ተነሣ፣ መለከት ተነፋ፣ ሕዝቡም ድንኳኑን ነቅሎ መንገድ ጀመረ። ዘኩር አህያዋን ጭኖ ዞር ቢል ሚልካ መሬት ላይ ተቀምጣለች።

"ተነሺ እንጂ፤ ሰዉ እኮ እየሄደ ነው" አላት።

"አንተ ሂድ። እኔ ከእንግዲህ እግር የለኝም።"

ዘኩር ክው አለ። በዚያ በረሃ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ያውቃል፤ ደካሞቹን የበረሃ ወራሪዎቹ አማሌቃውያን ናቸው የሚለቅሟቸው። ሚልካን አየ፣ አህያዋን አየ፣ መልሶ ሚልካን አየ።

"አንተ ሰውዬ፣ እነዚህን ማን ይቆጥራቸዋል ብለህ ነው?" አለችው ቀስ ብላ።

"ቆጣሪው ቢመጣስ?"

"ሰጥሟል እኮ። አብረን አይደል እንዴ ያየነው?"

"ዓይኔ አይቷል፣ ሚልካ። ጀርባዬ ግን አላየም" አለና እንደ ልጅ አለቀሰ።

ከዚያ ማውረድ ጀመረ። መጣል ግን አልቻለም። ጡቦቹን አንድ በአንድ አውርዶ፣ እንደ ለመደው በዐሥር በዐሥር ደረደራቸው፤ ከአጠገባቸውም አንገቱን ደፍቶ ቆመና ቆጣሪውን ጠበቀ። ሕዝቡ እየራቀ ሄደ። የበጎቹ ድምፅ ጠፋ፣ አቧራው ብቻ ታየ። ፀሐይዋ አናት መብሳት ጀመረች። ማንም አልመጣም።

"አልመጣም" አለ በመጨረሻ።

"አይመጣም" አለች ሚልካ።

ዘኩር ሚስቱን አቅፎ አህያዋ ላይ አስቀመጣት። ከጡቦቹ ይልቅ ቀለለችው፤ ይህም አስደነገጠው። ሕዝቡ ላይ የደረሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነበር። በዚያ አገር ማገዶ ብርቅ ነውና፣ የጡብ መቅረጫ ሳጥኑን በድንጋይ ሰባብሮ እሳት አነደደ፤ ለዕለቱ የለቀሙትን መና ጋግሮም በእጁ አጎረሳት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እግሩ ጭቃ ሊረግጥ ተነሣ። ትንሽ ቆሞ አሰበና ተመልሶ ተቀመጠ፤ የሚልካን እግር በውሃ ያጥብ ጀመር።

የሚገርፈን ሰው ከጠፋ በኋላም ለእሱ የምንሠራ ብዙዎች ነን። ደክሞናል፤ ለማን እንደምንደክም ግን አንጠይቅም። ፍርሃታችንን ብቻችንን የተሸከምን ይመስለናል፤ ክብደቱ የሚያርፈው ግን አብሮን በሚጓዘው ሰው እግር ላይ ነው። እስቲ ዛሬ ጭነታችሁን አውርዱና አንድ አፍታ ጠብቁ። ቆጣሪው ይመጣ ይሆን? ካልመጣስ፣ እስካሁን በእግሩ ያስኬዳችሁት ማንን ነው?