ሹፌሩና ፍሬን የሌላት ሄሊኮፕተር

አንድ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ንጋቱ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ተሳቢ ሲነዳ አንድም ቀን ገልብጦ፣ አንድም ሰው ገጭቶ አያውቅም። ምስጢሩን ለጠየቀው ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፤ «እግሬ ከፍሬን ርቆ አያውቅም» ይላል። የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ሲወርድ ጓደኞቹ እየቀደሙት ይስቁበት ነበር። እሱ ግን ከሳቁበት መካከል ስንቱን ገደል ውስጥ እንዳየ ያውቃል።

ከመኪናው ከወረደ በኋላም ጥንቃቄው አልቀረም። በሩን ቆልፎ ሲያበቃ ተመልሶ ይገፋዋል። ከቤት ሲወጣ የጋዙን ማጥፊያ ሦስት ጊዜ ይነካል። ከሁሉ በላይ የሚጠነቀቀው ግን ለአንድ ልጁ፣ ለወይንሸት ነበር። ተማሪዎች ሽርሽር ሲሄዱ እሷ ቤት ትቀራለች። አጎቷ ብስክሌት ሲገዛላት ንጋቱ አመስግኖ ተቀበለና ዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ብስክሌቱ አንድም ቀን አፈር ሳይነካ አረጀ።

ወይንሸት አድጋ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ተቀጠረች። ከተጣሉ ዕቃዎች ለቃቅማ ለራሷ አንድ ኮምፒውተር ገጣጠመች፤ ሰዎች ሲሙሌተር የሚሉትን የበረራ መለማመጃም ጫነችበት። መጀመሪያ አውሮፕላን ታበርበት ነበር። ኋላ በመለማመጃው ላይ ሄሊኮፕተር የሚጨምር ሌላ ፕሮግራም አገኘች። ለቀኝ እጅ አንድ ዘንግ፣ ለግራ እጅ ከፍና ዝቅ የሚል እጀታ፣ ከእግር ሥር ደግሞ ሁለት ፔዳል አደረገችለት። አባቷ ከሥራ መልስ ከቤት አለመውጣቷን አይቶ ደስ አለው። «ወንበር ላይ ተቀምጦ ከሰማይ የወደቀ የለም» አለ።

አንድ ሰኞ ማለዳ ግን ወይንሸት ወረቀት ይዛ ፊቱ ቆመች። ለሄሊኮፕተር አብራሪነት ሥልጠና ተፈትና አልፋለች። የሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ማሠልጠኛው በር ላይ መገኘት አለባት። ከወረቀቱ ግርጌ «የወላጅ ፊርማ» የሚል ባዶ መስመር ነበር።

ንጋቱ መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ አጣጥፎ መለሰላት።

«አልፈርምም።»

«አባዬ፣ ስድስት ወር ተዘጋጅቼበታለሁ።»

«መኪና ሞተሩ ቢጠፋ ዳር ይዞ ይቆማል። ይሄ ቢጠፋ የት ሊቆም ነው? ደመና ላይ?»

ምስር ስትለቅም የነበረችው ሚስቱ እልፍነሽ ቀና አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቷን ጠርሙስ ውስጥ ክተታትና ክዳኑን ጥብቅ አድርግ።»

«የሚበቃት ጠርሙስ ባገኝ አደርገው ነበር» አላት ንጋቱ። አልቀለደም።

ወይንሸት አላለቀሰችም፤ አልጮኸችምም። ኮምፒውተሩን ከፍታ ወንበሩን ሳበችለት። «እስቲ ተቀመጥ» አለችው። በስክሪኑ ላይ ሰፊ ሜዳ ይታያል። በሜዳው መካከል ነጭ ክብ ተሥሏል፤ በክቡ ውስጥ ሄሊኮፕተሯ ቆማለች። «ከመሬት ትንሽ አንሣትና አየር ላይ አቁማት። ከክቡ ሳትወጣ አንድ ደቂቃ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«መቆም ምን ሙያ አለው?» ብሎ ተቀመጠ።

የግራ እጀታውን ከፍ ሲያደርግ ሄሊኮፕተሯ ተነሣች። ወዲያው አፍንጫዋ ዞረ። ንጋቱ ደነገጠ፤ የደነገጠ ሹፌር የሚያደርገውንም አደረገ። ግራ እግሩ ፍሪሲዮን፣ ቀኝ እግሩ ፍሬን መስሎት ሁለቱንም ፔዳል እኩል ረገጠ። ቀኝ እግሩ ስለበረታ ሄሊኮፕተሯ እንደ እንዝርት ተሽከረከረች። ዘንጉን ወደ ኋላ ሳበው፤ ሜዳው ከፊቱ ጠፋ፤ በጅራቷ ወድቃ ስክሪኑ ቀላ። አራት ሰከንድ አልሞላም።

«ፍሬኗ የታል?» አለ ላብ እያጠመቀው።

«ፍሬን የላትም አባዬ። ፔዳሎቹ አፍንጫዋን ግራና ቀኝ የሚያዞሩ ናቸው።»

«ፍሬን የሌለው ነገር ላይ ነው እኔ ልጄን የማሳፍረው?»

«እንዋዋል» አለች ወይንሸት። «እሑድ ከሰዓት በኋላ በፊታችን አንድ ደቂቃ ካቆምካት እቀራለሁ። ዳግመኛ ይህን ነገር አላነሣብህም። ካልቻልክ ትፈርማለህ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው። አልፈርምም ካልክ ያው ቀሪ ነኝ፤ ምን አጣለሁ?» ይህን ያለችው ግን እርግጠኛ ሆና ነው። ሄሊኮፕተሯን አንድ ደቂቃ ማቆም ለራሷ ሁለት ወር ፈጅቶባት ነበር።

ንጋቱም እጁን ዘርግቶ ጨበጣት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይንሸት ሥራ ስትሄድ አባቷ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ቁርሱ ይቀዘቅዛል። ማክሰኞ እስከ እኩለ ቀን ስልሳ ጊዜ ወደቀ። በወደቀ ቁጥር ዓይኑን ይጨፍናል፤ በሄሊኮፕተሯ ውስጥ የተቀመጠችው ልጁ ትመስለዋለችና። ሄሊኮፕተሯ ወደ ግራ ስታዘነብል ወደ ቀኝ ይመልሳታል፤ መልሱ ይበዛና ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ ያን ሊያስተካክል ሲል የባሰ ወደ ግራ ትወረወራለች። እሱ በያዛት ቁጥር እሷ ትብሳለች። ሲጨንቀው ደግሞ እግሩ ሳያዝዘው ይረግጣል።

«ዛሬ ስንቴ ሞትክ?» ትለዋለች እልፍነሽ ከጓዳ።

«ዝም በይ፤ ቁጥር ታጠፊብኛለሽ።»

«መሬት ላይ ሠላሳ ዓመት አንድ ቆርቆሮ ያልጨረፈ ሰው፣ ሳሎን ውስጥ በቀን ስልሳ ጊዜ ይገለበጥ?»

ሐሙስ ዕለት ንጋቱ ጫማውን አወለቀ። በባዶ እግሩ ሲሆን ፔዳሎቹን አስቀድሞ ይሰማቸዋል፤ እግሩም እንደ ልማዱ ለመርገጥ ሲነሣ ይታወቀዋል። «ተው፤ ፍሬን አይደለም» ይላል ለቀኝ እግሩ፣ እንደ ሰው እያናገረው። አሥር ሰከንድ ሆነለት። ዓርብ ሃያ አምስት ደረሰ። ያኔ ተነሥቶ እልፍነሽን ትከሻዋን ያዛት። «ትቀራለች! ልጄ ትቀራለች!» አላት። እሷ ግን አልሳቀችም። ምስሯን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ቅዳሜ ለወይንሸት የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ንጋቱ ሰዓቱን ረስቶ ነበር። ሠላሳ አምስት ሰከንድ፣ አርባ፣ ከዚያ ይንሸራተትና ይወድቃል። ደግሞ ይነሣል፤ ደግሞ አርባ ላይ ይወድቃል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ጣቶቹ ዘንጉን ከማነቅ ብዛት ነጥተዋል። እንደገና ሊነሣ ሲል ከኋላው ድምፅ ሰማ።

«አባዬ፣ ከሥርህ አትይ።»

ዘወር አለ። ወይንሸት በሩ ላይ ቆማለች። ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ አላወረደችም። ምን ያህል እንደቆየች አላወቀም። በስክሪኑ ጥግ ላይ የውድቀቱ ቁጥር ተጽፏል፤ ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት ይላል። እሷም ያን ስታነብ አያት።

«ከሥርህ ያለውን መሬት ካየህ ትሸበራለህ» አለችው። «ያ ሩቅ ያለው ዛፍ ይታይሃል? እሱን እይ። ስትነካት ደግሞ በትንሹ ንካና ወዲያው እጅህን መልስ። እስክትታዘዝህ አትግፋት። ዘግይታ ነው የምትሰማው።»

ንጋቱ ዛፉን አየ። በትንሹ ነካ፤ መለሰ። ሄሊኮፕተሯ ትንሽ ተንገዳገደችና ራሷ ተረጋጋች። ሃምሳ አምስት ሰከንድ ቆመች።

ሁለቱም የሆነውን ያውቃሉ። ነገ ያሸንፋል።

«ለምን ነገርሽኝ?» አላት፤ ዓይኗን ማየት አልቻለም። «ዝም ብትዪ ኖሮ ነገ አልችልም ነበር። ትሄጂ ነበር።»

«ስትወድቅ ማየት አስጠላኝ።»

«እኔስ?» አለ ንጋቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኔስ የምፈራው ይሄንኑ አይደለም? አንቺ ስትወድቂ ማየት!»

«አውቃለሁ አባዬ። እኔም ፈራሁልህ። ግን ወንበሩን ከሥርህ አልሳብኩትም። እንዴት እንደማትወድቅ ነገርኩህ።»

ይህን ብላ ክፍሏ ገባች። ንጋቱ ያን ቀን ዳግመኛ ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሦስቱም ኮምፒውተሩ ፊት ተሰበሰቡ። ሰዓት የምትይዘው እልፍነሽ ናት፤ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች። ወይንሸት ወረቀቱን ይዛ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች።

«ጀምር» አለች እልፍነሽ።

ሄሊኮፕተሯ ተነሣች። ወደ ግራ አዘነበለች፤ ነካ፤ መለሰ። «አሥር» አለች እልፍነሽ። አፍንጫዋ ዞር አለ፤ ፔዳሉን በእግሩ አውራ ጣት ብቻ ገፋ፤ ተወ። «ሃያ።» ከኋላው የልጁን ትንፋሽ ይሰማል። «ሠላሳ።» ድንገት ሄሊኮፕተሯ ወደ ክቡ ጠርዝ ተንሸራተተች። ቀኝ እግሩ ዘሎ ሊረግጥ ተነሣ። ሠላሳ አንድ ዓመት ያዳነው እግር ነው፤ አሁንም ሊያድነው ነው የተነሣው። ንጋቱ ጥርሱን ነክሶ አየር ላይ አስቀረው። «አርባ።» ዛፉን አየ። ሄሊኮፕተሯ ጠርዙ ላይ ጥቂት ቆየችና ተመለሰች። ያኔ አንድ ነገር ገባው፤ በእጁ ጉልበት ተይዛ አይደለም የቆመችው። አጥብቆ የያዛት ጊዜማ ሁልጊዜ ወድቃለች። የቆመችው እሱ ዓይኑን ሳይነቅል እጁን ስላላላ ነው። «ሃምሳ» አለች እልፍነሽ በቀስታ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሰከንዶች ረዘሙ።

«ስልሳ።»

ወይንሸት ከግድግዳው ተላቀቀች። «አሸነፍክ አባዬ» አለች። ቃሏን ልታጥፍ አልሞከረችም። ወረቀቱን አጥፋ ወደ በሩ ሄደች።

«ወዴት ነው?»

«ልጥለው ነዋ።»

«አምጪው። እስክሪብቶም አምጪ።»

እልፍነሽ አፏን ያዘች። «አሸንፈህ ደግሞ ትሸነፋለህ እንዴ?»

«ያሸነፍኩ እኔ ነኝ፤ እኔው እፈርዳለሁ» አለ ንጋቱ። ወደ ልጁም ዞረ። «ስሚኝ ወይንዬ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሕይወት የተረፍኩት በፍሬን ነው። ስለዚህ የወደድኩትን ሁሉ ፍሬን ያዝኩበት። መኪና ላይ ልክ ነበርኩ። አንቺ ግን መኪና አይደለሽም። አንቺን በረገጥኩሽ ቁጥር ባለሽበት ስትሽከረከሪ እያየሁ፣ አዳንኳት እል ነበር።»

ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ወጣ። ልጁን ከፊቱ አቁሞ «መውጫሽንም መግቢያሽንም ይጠብቅልኝ» ብሎ መረቃት። እሷም ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ቀና አደረጋት።

«ፍርሃቴ ያለቀ እንዳይመስልሽ» አላት። «እንዳለ ነው። በየቀኑ ደውዪ።»

«በየሳምንቱ።»

«በየሁለት ቀኑ።»

«ተስማማን» አለች ወይንሸት፤ ያኔ ነው ያለቀሰችው።

ወዳጆቼ፣ ፍሬን ክፉ ነገር አይደለም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሌለው ሰው ራሱንም ሌላውንም ያጠፋል። ነገር ግን መሬት ላይ ያዳነን ሁሉ በየቦታው አያድንም። ልጅ፣ ወንድም፣ የትዳር ጓደኛ አጥብቀን ስንይዛቸው የሚቆሙ ይመስለናል፤ እነሱ ግን ከእኛ ጋር እየታገሉ ይወድቃሉ። አጥብቆ የሚይዝ እጅ ሁሉ ወዳጅ አይደለም፤ አንዳንዱ የፈራ እጅ ነው። የሚወድ ሰውም ይፈራል፤ ልዩነቱ ወንበሩን አለመሳቡ ነው፤ የሚያውቀውን ነግሮ፣ መርቆ፣ ዓይኑን ሳይነቅል እጁን ያላላል።

እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ፤ ዛሬ «ስለምወደው ነው» እያልን እግራችንን ያሳረፍነው በማን ላይ ነው?